ቦሎኛን ባቡር መቀየሪያ ብቻ አታድርጓት

ጣሊያንን ዞሮ የመጣ ሰው ሮምን፣ ፍሎረንስን፣ ቬኒስን ይዘረዝርላችኋል። ቦሎኛስ? ስትሉት "ባቡር ቀይሬባታለሁ" ይላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነበርኩ። ከፍሎረንስ ወደ ቬኒስ ስሄድ ባቡር አመለጠኝና፣ ቀጣዩ እስኪመጣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ከጣቢያው ወጣሁ። እስከ መሀል ከተማ ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል በጣሪያ ሥር ሄድኩ፣ አንድ ሰሃን ቶርቴሎኒ የሚባል ፓስታ በላሁ፣ ቬኒስን ለነገ አስተላለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ጣሊያን የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ቀን ለቦሎኛ ስጡ። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁም እሱኑ ስጧት።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሰዓቱንም ጣሊያኖቹ በር ላይ እንደሚለጥፉት በ24 ሰዓት ነው ያስቀመጥኩት፣ እዚያ ስትደርሱ ግር እንዳይላችሁ።

ጣሊያኖች ቦሎኛን በሦስት ቅጽል ስም ይጠሯታል፦ የተማረችው፣ የወፈረችው፣ ቀይዋ። የተማረችው ያሰኛት በ1088 እንደተመሠረተ የሚነገርለት ዩኒቨርሲቲዋ ነው፤ በምዕራቡ ዓለም ከሱ የሚቀድም የለም ይባላል። ቀይዋ የተባለችው በጣሪያና በግድግዳዋ ቀለም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለረጅም ዓመታት ኮሚኒስቶች ስላስተዳደሯትም ነው የሚሉ አሉ። የወፈረችው ለምን እንደተባለች አንድ ቀን ምሳ ስትበሉ ይገባችኋል።

መድረሻና ማደሪያ

ከፍሎረንስ በፈጣን ባቡር 40 ደቂቃ አይሞላም። ከሚላን አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከሮም ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። በአውሮፕላን ከመጣችሁ፣ አየር ማረፊያው በ1874 እዚሁ ከተማ በተወለደው የሬዲዮ ፈር ቀዳጅ በማርኮኒ ስም ነው የሚጠራው፤ ከዚያ ማርኮኒ ኤክስፕሬስ የሚባል ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር በሰባት ስምንት ደቂቃ ጣቢያው ላይ ያደርሳችኋል። ቲኬቱ ለአንድ ሰው ከ10 ዩሮ በላይ ነው፣ ስለዚህ ሦስት አራት ሆናችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ የታክሲውን ዋጋ ጠይቁ። መኪና ተከራይታችሁ ከሆነ ግን ወደ መሀል ከተማ ይዛችሁ እንዳትገቡ። ዜታ ቲ ኤሌ የሚሉት የተከለለ ክልል አለ፣ ካሜራው ታርጋችሁን ያነሳና ቅጣቱ ቤት ድረስ ይከተላችኋል።

ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት በዚያ ሳምንት ትልቅ ኤግዚቢሽን አለመኖሩን አረጋግጡ። ቦሎኛ የንግድ ትርዒት ከተማ ናት። በተለይ በጸደይ የመዋቢያ ዕቃዎችና የሕፃናት መጻሕፍት ትርዒቶቿ ሲከፈቱ የአልጋ ዋጋ ሰማይ ይነካል። በኦገስት አጋማሽ ደግሞ በተቃራኒው ከተማው ጭር ይላል። ባለቤቶቹ ባሕር ይወርዱና የምትፈልጉት ምግብ ቤት ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ ብርዱ ለብሮዶ፣ ለትኩስ የሥጋ ሾርባ፣ የሚጋብዝበት ጊዜ፣ ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ከጣቢያው ስትወጡ ቀና ብላችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ተመልከቱ። 10:25 ላይ ቆሟል። ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ። ኦገስት 2 ቀን 1980፣ ሕዝቡ ለዕረፍት በሚጓዝበት ቅዳሜ፣ የሁለተኛ ማዕረግ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ቦምብ በዚያች ደቂቃ ፈንድቶ 85 ሰው ገደለ፣ ከ200 በላይ አቆሰለ። በድርጊቱ የተፈረደባቸው የአክራሪ ቀኝ ክንፍ ታጣቂዎች ናቸው። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ሳይደፍኑ በመስተዋት ሸፍነው ትተውታል። የሟቾቹ ስም ከነዕድሜያቸው እብነ በረድ ላይ ተጽፏል፤ ከሁሉም ታናሿ የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ሰዉ አሁንም እዚያው ቁጭ ብሎ ባቡሩን ይጠብቃል።

በጣሪያ ሥር መሄድ

ከጣቢያው ወደ መሀል የሚወስደው መንገድ ቪያ ኢንዲፔንዴንዛ ይባላል። ቀጥ ያለ ነው፣ አትጠፉም። ከግራና ከቀኝ በአምድ የተደገፈ መተላለፊያ አለው፤ ፖርቲኮ ይሉታል። ዝናብም ፀሐይም አይነካችሁም። በመላው ከተማ ቢለካ 62 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ በ2021 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የተጀመረው በቤት ጥበት ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲያጎርፍ ባለቤቶቹ ፎቃቸውን ወደ መንገዱ አስረዘሙና በእንጨት ደገፉት። ሌላ አገር ቢሆን አፍርሱ ይባሉ ነበር። የቦሎኛ ሹማምንት ግን በ1288 አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ ፖርቲኮ ይኑረው ብለው ደነገጉ፤ መሬቱ የባለቤቱ፣ ማለፊያው የሕዝብ። ያ የጥንቱ የእንጨት ፖርቲኮ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ስትራዳ ማጆሬ ላይ ካዛ ኢዞላኒ የሚባለውን ቤት ፈልጉ። የወርካ ግንድ የሚያካክሉ ምሰሶዎች ቆመዋል። ከሥራቸው ሆናችሁ ጣሪያውን በደንብ ከቃኛችሁ ሦስት ቀስቶች ተሰክተው ታያላችሁ ይባላል። እኔ በሁለተኛው ቀን ነው ያገኘኋቸው፣ ያውም አንድ ሽማግሌ በጣታቸው አሳይተውኝ።

ፒያሳ ማጆሬና ዙሪያዋ

ትልቁ አደባባይ ፒያሳ ማጆሬ ነው። ፊት ለፊታችሁ የሚገጥማችሁ የሳን ፔትሮኒዮ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከታች ነጭና ሮዝ እብነ በረድ፣ ከላይ እርቃኑን የቀረ ጡብ። ግንባታው በ1390 ተጀመረ፣ ፊቱ እስከ ዛሬ አላለቀም። ውስጡ 132 ሜትር ይረዝማል። ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምወደው ነገር ወለሉ ላይ ነው። በ1655 ካሲኒ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ወለሉን በስተግራ በኩል አቋርጦ የሚያልፍ 67 ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር አሠመረ። ከላይ ጣሪያው ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ በቀዳዳዋ የገባው ብርሃን መስመሩን ያቋርጣል፣ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ቀኑን ይነግራችኋል። በክረምታቸው፣ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ፣ ከ11:55 እስከ 12:30 ባለው መካከል ሰማዩ ጥርት ካለ ሄዳችሁ ቁሙ። መጀመሪያ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ወተት የመሰለ ክብ ታያላችሁ። የቆመ ይመስላል። ዓይናችሁን ከጠርዙ ላይ ካልነቀላችሁ ግን ሲንፏቀቅ ይታያችኋል፤ የምታዩት የምድርን መዞር ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ባለው በፓላዞ ዴል ፖዴስታ ሥር አራት ማዕዘን ያለው ቅስት አለ። አንዳችሁ አንዱ ጥግ፣ ሌላችሁ በሰያፍ ትይዩ ያለው ጥግ ሂዱና ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙሩ። በሹክሹክታ ተናገሩ። ሰው መሀል ለመሀል እየተራመደ፣ ጫጫታው እንዳለ፣ ድምፁ ጆሯችሁ ሥር ይሰማል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እዚህ ብዙ ትቆያላችሁ።

ባለ ሦስት ጣት ጦር የያዘው የባሕር አምላኩ የኔፕቱን ሐውልት ከዚያው አጠገብ ነው። የማሴራቲ መኪና ምልክት የተወሰደው ከዚህ ጦር ነው፤ ኩባንያው በ1914 የተመሠረተው ቦሎኛ ውስጥ ነውና። ሁሉም ፎቶ የሚነሳው ከሐውልቱ ጋር ነው። እናንተ ግን ዞር በሉና የሳላ ቦርሳ ቤተ መጻሕፍትን ግድግዳ ተመልከቱ። ፋሺስቶችንና ናዚዎችን ሲዋጉ የወደቁ የቦሎኛ አርበኞች ፎቶ በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል፣ ወጣት፣ ሽማግሌ፣ ሴት። ከተማዋ ነፃ የወጣችው ኤፕሪል 21 ቀን 1945 ነው። በዚህ ክፍለ ሀገር የነበረውን የአርበኞች ጦር ከመሩት አንዱ ኢሊዮ ባሮንቲኒ የተባለ የሊቮርኖ ሰው ነበር። ይኸው ሰው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ የገዛ አገሩ ጦር ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን፣ ጎጃም ድረስ ገብቶ ከአርበኞቻችን ጎን ቆሟል። ከጦርነቱ ተርፎ በ1951 ነው የሞተው፣ ስለዚህ ፎቶውን ከወደቁት መካከል አትፈልጉ። እኔ ግን እዚያ ግድግዳ ፊት በቆምኩ ቁጥር እሱን አስበዋለሁ።

ምግቡ፣ መጀመሪያ የአሳማውን ነገር እንጨርስ

ብዙዎቻችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አሳማ አንበላም። ቦሎኛ ደግሞ የአሳማ አገር ናት። ይህን ሳያውቁ ገብተው ምናሌ ፊት የተደናገጡ ሰዎች አውቃለሁ፣ ስለዚህ ግልጽ ላድርገው።

ሞርታዴላ አሳማ ነው። ፕሮሹቶ፣ ፓንቼታ፣ ሳልሲቻ የሚሉት ሁሉ አሳማ ነው። ዝነኛው ቶርቴሊኒ የሚባለው ትንሽ ፓስታ ውስጡ አሳማ ነው፤ በ1974 በከተማዋ ንግድ ምክር ቤት የተመዘገበው አሠራር የአሳማ ሥጋ፣ ፕሮሹቶ፣ ሞርታዴላ፣ ፓርሚጃኖ አይብ፣ እንቁላልና ገውዝ ይላል። ራጉ የሚሉት የፓስታ ወጥ ዋናው የበሬ ሥጋ ነው፣ ግን ፓንቼታ ይገባበታል። ስለዚህ ላዛኛውም እንደዚያው ነው። የቦሎኛ ኮቶሌታ የጥጃ ሥጋ ሆኖ ከላዩ ፕሮሹቶና አይብ ይደረግበታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ዳቦው ነው፦ ክሬሼንቲና፣ ቲጄሌና ፒያዲና የሚባሉት ስትሩቶ በሚሉት የአሳማ ስብ ነው በብዛት የሚሠሩት። በዘይት የሚሠሩም አሉ፣ መጠየቅ ነው። "ቼ ማያሌ?" በሉ፣ አሳማ አለበት ወይ ማለት ነው። "ሴንዛ ማያሌ" ካላችሁ ደግሞ ያለ አሳማ። ማንም አይቀየማችሁም፣ አስተናጋጁ ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ ጠይቆ ይመጣል።

ታዲያ ምን እንብላ? ቶርቴሎኒ። ስሙ ከቶርቴሊኒ ጋር ይምታታል፣ መጠኑ ግን ትልቅ ነው፣ ውስጡም ሪኮታ የሚባል ለስላሳ አይብና ቅጠላ ቅጠል ነው። በቅቤና በሳልቪያ ቅጠል ይቀርባል። ሳልቪያው በቅቤ ሲጠበስ ቅጠሉ ይደርቃል፣ በጥርስ ሲነኩት ክርሽም ይላል፣ የቅቤው ሽታ ከአይቡ ጋር ሲገናኝ ሌላ ነገር አያስፈልገውም። በመከር ወቅት ከሄዳችሁ ታሊያቴሌ በፖርቺኒ እንጉዳይ ጠይቁ። ለብርድ ቀን ፓሳቴሊ አለ፦ ከዳቦ ፍርፋሪ፣ ከፓርሚጃኖና ከእንቁላል ተለውሶ በሾርባ የሚቀቀል ነው፣ ሾርባው የምን ሥጋ እንደሆነ ብቻ ጠይቁ።

አሳማ የምትበሉ ከሆነ ያለ ምንም ማመንታት ቶርቴሊኒ በብሮዶ። በክሬም የሚያቀርቡ አሉ፣ አትቀበሉ፣ መጀመሪያ በሾርባው ቅመሱት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ዋናው ወጥመድ እንቁላል ነው። የቦሎኛ ትኩስ ፓስታ ሁሉ ማለት ይቻላል በእንቁላል ነው የሚቦካው፣ ስለዚህ በቲማቲም ብቻ ቢመጣም ጾም አይደለም። ደረቅ ፓስታ ጠይቁ፣ "ፓስታ ሴካ አል ፖሞዶሮ፣ ሴንዛ ፎርማጆ፣ ሴንዛ ቡሮ" በሉ፤ አይብም ቅቤም የሌለው ማለት ነው። ከሁሉ የሚቀለው ግን ፒዛ ማሪናራ ነው። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ፣ አይብ በተፈጥሮው የለበትም። ስትፈልጉ ከጎኑ በፍም የተጠበሰ አትክልት ጨምሩ፣ ጠግባችሁ ትነሳላችሁ።

ስፓጌቲ ቦሎኔዝ የሚባል ነገር ግን ቦሎኛ ውስጥ ሄዳችሁ አትጠይቁ። የከተማዋ ሰው ራጉን የሚበላው በታሊያቴሌ ነው፣ ጠፍጣፋውና ሸካራው የእንቁላል ፓስታ ወጡን ስለሚይዝ፤ ስፓጌቲ ላይ ግን ተንሸራቶ ሰሃኑ ላይ ይቀራል። ነገሩን ምን ያህል እንደሚያከብሩት ልንገራችሁ፦ በ1972 የታሊያቴሌ ልክ ይህ ነው ብለው ከወርቅ አሠርተው ንግድ ምክር ቤቱ አስቀምጠውታል። ሲበስል ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ይህም የከተማዋ ረጅም ግንብ የአዚኔሊ ቁመት 12,270ኛ እጅ ነው። የራጉውንም አሠራር በ1982 መዝግበዋል።

ምሳ ከ12:30 እስከ 14:30፣ እራት ከ19:30 በኋላ ነው። በመሀል ወጥ ቤቱ ይዘጋል። በ16:00 ትኩስ ምግብ አለ እያለ በር ላይ ሰው አቁሞ የሚጠራችሁ ቤት ካለ እለፉት። ጥሩ ቤቶች ትንንሽ ናቸው፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ያለ ቀጠሮ ቦታ አይገኝም፣ ስለዚህ ጠዋት ሆቴሉ እንዲደውልላችሁ አድርጉ። እሑድ ማታና ሰኞ የሚዘጉ ብዙ ናቸው። ምናሌው ላይ ፕሪሞ ፓስታው፣ ሴኮንዶ ሥጋው፣ ኮንቶርኖ አትክልቱ ነው። ሁሉንም ማዘዝ ግዴታ አይደለም። አንድ ፕሪሞና አንድ ኮንቶርኖ ለኔ በቂ ነው። ትራቶሪያ በሚሉት ቀለል ያለ ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ፕሪሞ ከ12 እስከ 16 ዩሮ ገደማ ያስከፍላል። ሂሳቡ ላይ ኮፔርቶ የሚል ሁለት ሦስት ዩሮ ብታዩ አልተጭበረበራችሁም፣ የመቀመጫና የዳቦ ነው። ጉርሻ መተው ግዴታ አይደለም።

እኔ አንዴ ደክሞኝ አደባባዩ ዳር ፎቶ ያለበት ምናሌ የዘረጋ ቤት ተቀመጥኩ። ፓስታው ከማይክሮዌቭ የወጣ ነበር፣ መሀሉ እንደ እሳት ዳሩ ቀዝቃዛ፣ ሂሳቡ ደግሞ እጥፍ። ሁለት መቶ ሜትር ወደ ጎን ብሄድ ኖሮ በግማሹ ዋጋ እጅ የሚያስቆረጥም እበላ ነበር። የእግር ድካም መጥፎ አማካሪ ነው፣ ውሃ ጠጡና ትንሽ ገፋ አድርጉ።

ለነገሩ "ሎካንዳ" የሚል ጽሑፍ ብታዩ ሥጋ ቤት አይደለም፣ ማደሪያና መመገቢያ ነው። ማኪያቶ ስታዝዙም የኛን እንዳትጠብቁ፣ በትንሿ ሲኒ ቡና ላይ አንድ ጠብታ ወተት ነው የሚመጣላችሁ። ወተቱ በዛ ያለ ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ በሉ። "ላቴ" ብቻ ብትሉ አንድ ብርጭቆ ወተት ይቀርብላችኋል። ቡናን ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፣ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ዋጋው ይጨምራል።

ኳድሪላቴሮ

ከፒያሳ ማጆሬ በስተምሥራቅ ኳድሪላቴሮ የሚሉት የድሮ ገበያ አለ። ቪያ ፔስኬሪዬ ቬኪዬ፣ ቪያ ድራፔሪዬ፣ ቪያ ክላቫቱሬ፣ ጠባብ ጠባብ መንገዶች ናቸው። ጠዋት ከ10:00 በፊት ሂዱ፣ ዓሣው በበረዶ ላይ ሲደረደር፣ የከተማው ሰው ዘንቢሉን ይዞ ሲከራከር ታያላችሁ። ማታ ሁሉም ወደ መጠጥ ቤት ይቀየራል።

ትኩስ ፓስታ የሚሸጥ ሱቅ መስኮት ስታገኙ ቁሙ። ሊጥ ዳማጮቹ ሴቶች ስፎሊና ይባላሉ። አንዷን ለረጅም ጊዜ ቆሜ አይቻታለሁ። ክንድ የሚያህል መዳመጫዋን ይዛ ሊጡን እንደ አንሶላ ዘረጋችው፣ ጠረጴዛው በሥሩ እስኪታይ ድረስ ሳሳ። ከዚያ ጣት በሚያህል ካሬ ቆረጠችው፣ በእያንዳንዱ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ሙሊት ጣል አደረገች፣ ሦስት ማዕዘን አጠፈችው፣ ትንሿ ጣቷ ላይ ጠምጥማ ጫፍና ጫፉን ቆንጠጥ። ቶርቴሊኖ ሆነ። አንዱን ለመሥራት የወሰደባትን ጊዜ መቁጠር አልቻልኩም፣ አይታ እንኳ አትሠራም፣ ከጓደኛዋ ጋር ታወራለች።

ለርካሽና ለደስ የሚል ምሳ የምመክረው ይህን ነው። ከሱቆቹ ዳቦ፣ ፓርሚጃኖ፣ ስኳኩዌሮኔ የሚባለውን እርጎ መሳይ አይብ፣ ወይራና ፍራፍሬ ግዙ። ከዚያ እዚያው መሀል ቪኮሎ ራኖኪ የሚባል ስርጥ ውስጥ ኦስቴሪያ ዴል ሶሌ ግቡ። ከ1465 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ምግብ አይሸጥም፣ መጠጥ ብቻ። ምግባችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ መጠጥ ታዝዛላችሁ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ትቀመጣላችሁ። ፒኞሌቶ የቦሎኛ ኮረብታዎች ነጭ ወይን ነው፣ ላምብሩስኮ ደግሞ አረፋማው ቀይ። ወረቀታችሁን ስትወጡ አንሱ።

በእግር የሚታዩት

ከገበያው ሳትርቁ ቪያ ክላቫቱሬ ላይ ሳንታ ማሪያ ዴላ ቪታ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥቂት ዩሮ ከፍላችሁ ኒኮሎ ዴላርካ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሸክላ የሠራውን ከስቅለት በኋላ ያለ ልቅሶ የሚያሳይ ሥራ እዩ። ክርስቶስ ተጋድሟል፣ ዙሪያውን የቆሙት ያለቅሳሉ። ዳር ላይ ያለችው መግደላዊት ማርያም እየሮጠች የደረሰች ናት፣ ነጠላዋ ወደ ኋላ ተነፍቶ በአየር ላይ ቀርቷል፣ አፏ ተከፍቷል። ጩኸቱ የሚሰማ ይመስላል። ከ500 ዓመት በላይ የሆነው ሸክላ ነው ብላችሁ አታምኑም። አንድ ነገር ብቻ የምታዩበት ጊዜ ካላችሁ ይህን እዩ።

አርኪጂናዚዮ በ1563 የተከፈተ የዩኒቨርሲቲው የድሮ ሕንፃ ነው። ግቢው በነፃ ነው፣ ግድግዳው በተማሪዎች የቤተሰብ ዓርማ ተሸፍኗል። ፎቅ ላይ አስከሬን እየተቀደደ ትምህርት የሚሰጥበት ከእንጨት የተሠራ አዳራሽ አለ፣ መሀሉ ላይ የእብነ በረዱ ጠረጴዛ፣ ከመምህሩ ወንበር በላይ ቆዳቸው የተገፈፈ ሁለት የእንጨት ሰዎች። ጃኑዋሪ 29 ቀን 1944 ቦምብ አፈራረሰው። ከፍርስራሹ የእንጨቱን ቁራጭ አንድ በአንድ ለቅመው መልሰው ገጠሙት።

ሳንቶ ስቴፋኖ "ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት" ይባላል፣ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፣ አሁን የምታዩት አራቱን ነው። እንደ ወጉ ከሆነ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ፔትሮኒዮ ኢየሩሳሌም መሄድ ለማይችል ሰው ኢየሩሳሌምን እዚህ ልሥራ ብሎ ነው፣ መሀሉ ላይ የጌታ መቃብር አምሳያ አለ። ላሊበላን የረገጠ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ፣ ቡድን ሲቀንስ፣ ግቢው ውስጥ ትንሽ ተቀመጡ።

ሳን ዶሜኒኮ ውስጥ ሚኬላንጄሎ ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ የቀረጻቸው ሦስት ትንንሽ ምስሎች አሉ፣ መቅረዝ የያዘውን መልአክ ፈልጉ። ቪያ ፒዬላ ላይ ደግሞ የከተማዋ የውሃ ቦይ የሚታይባት ትንሽ መስኮት አለች፣ ሰልፍ ካለ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

ሁለቱ ግንቦች የከተማዋ ምልክት ናቸው። አዚኔሊ 97 ሜትር፣ ጎኑ ያለው ዘንባላው ጋሪዜንዳ 48 ሜትር ነው። ጋሪዜንዳን ዳንቴ በግጥሙ ጠቅሶታል። በ2023 መዝመሙ አስጊ ነው ተብሎ አካባቢው ታጥሯል፣ አዚኔሊ ላይ መውጣትም ቆሟል። ከፍ ብሎ ከተማውን ማየት ለሚፈልግ ፒያሳ ማጆሬ ላይ ባለው በፓላዞ ዳኩርሲዮ የሰዓት ግንብ ላይ መውጣት ይቻላል።

ሳን ሉካ

ሁለተኛውን ቀን ጠዋት ለዚህ አስቀምጡ። ከፖርታ ሳራጎዛ ተነስቶ ኮረብታው ላይ እስካለው የሳን ሉካ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ድረስ 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይቋረጥ የሚሄድ ፖርቲኮ አለ፣ 666 ቅስቶች አሉት። ግንባታው በ1674 ተጀምሮ ከአንድ ትውልድ በላይ ፈጅቷል። ከላይ ያለችውን ሥዕለ ማርያም ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ይላሉ። ይህ ወግ ለኛ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ በሜይ ወር ሥዕሏን በክብር አጅበው ወደ ከተማ ያወርዷታል፣ ቀኑ ከገጠመላችሁ አያምልጣችሁ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ሜዳ ነው። ሜሎንቼሎ ከሚባለው ቅስት በኋላ ግን ዳገቱ ይጀምራል፣ ደረጃም አለው። ጉልበት የሚያማችሁ እስከ ሜሎንቼሎ በከተማ አውቶቡስ ሂዱ፣ ወይም ከፒያሳ ማጆሬ የሚነሳውን የቱሪስት ባቡር መሳይ መኪና ተሳፈሩ። የሚችል ግን በእግሩ ይውጣ። ጠዋት የሚሮጡ ወጣቶች ያልፏችኋል፣ መቁጠሪያ የያዙ አሮጊቶችም ያልፏችኋል። ውሃና ጫማ አትርሱ። ላይ ስትደርሱ በአንድ በኩል ከተማው፣ በሌላው አረንጓዴ ኮረብታ ነው።

ስትወርዱ፣ ባቡር ከመያዛችሁ በፊት፣ አንዴ ወደ ኳድሪላቴሮ ተመለሱ። 24 ወይም 36 ወር የቆየ ፓርሚጃኖ ጠይቁና "ሶቶቩዎቶ" በሏቸው፣ አየሩን መጥጠው ያሽጉላችኋል፣ ሻንጣ ውስጥ አይሸትም አይበላሽም። ትንሽ ቁራጭ ግን ሳይታሸግ ለብቻው በወረቀት ያስጠቅልሉ። እሷ ለመንገድ ናት፣ ከዳቦና ከአንድ ፒር ጋር።